ሙያ ያስተማሩኝን ሰው ሥራ መርምር ተባልኩ

ጥያቄ

ውድ የዓምዱ አዘጋጅ፣ እንደምን ሰነበቱ? ዕድሜዬ 31 ነው። የምኖረው በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ነው። ሥራዬ የሕንፃ ማጠናቀቂያ ሥራን፣ በተለይ የወለል ንጣፍን መመርመር ነው። ቤት የሚረከቡ ሰዎች ይቀጥሩኛል፤ ሴራሚኩን አንኳኳለሁ፣ በውሃ ልክ እለካለሁ፣ ፎቶ አነሳለሁ፣ ሪፖርት ጽፌ እሰጣለሁ።

ከወር በፊት የአንድ የቤት ሥራ ማኅበር ኮሚቴ ሦስት ባለ አራት ፎቅ ሕንፃዎችን እንድመረምር ቀጠረኝ። አባላቱ ቤቱን ተረክበው መግባት ከጀመሩ ዓመት አልሞላቸውም፤ የተወሰኑት ቤቶችም ገና እንደተቆለፉ ናቸው። ሳሎኖቹ ውስጥ ሴራሚኩ እየተነሳ ነው። የአንዲት እናት ቤት ሴራሚክ ሌሊት በድንገት ጮኾ ስለተነሳ ልጆቿ በድንጋጤ ከእንቅልፋቸው ተነስተው አልቅሰዋል። መኝታ ቤቶቹ ውስጥ ደግሞ ፓርኬቱ ጠርዝ ጠርዙ ተነስቷል። ማኅበሩ ለተቋራጩ ያልለቀቀው የመያዣ ገንዘብ አለ። ይለቀቅ ወይስ አይለቀቅ የሚለው የእኔን ሪፖርት እየጠበቀ ነው።

ሥራውን ስጀምር ንጣፉን ከተቋራጩ በንዑስ ውል የወሰደው ማን እንደሆነ አላውቅም ነበር። ሁለተኛው ሕንፃ ላይ ስደርስ ሰማሁ፤ ጋሼ ናቸው። የሥጋ ዘመዴ አይደሉም። ነገር ግን ከደብረ ማርቆስ ስመጣ ቤታቸው ያሳረፉኝ፣ የመጀመሪያዋን ሴራሚክ ስነጥፍ እጄን ይዘው ያሳዩኝ፣ ለኮሌጅ የከፈሉልኝ እሳቸው ናቸው።

ባለቤቴ ከሦስት ሳምንት በፊት ወንድ ልጅ ወልዳለች። ክርስትና አባቱ ጋሼ እንዲሆኑ ገና ሳይወለድ ተነጋግረን ነበር። ባለፈው ቅዳሜ እኔ ሥራ ላይ ሳለሁ አራሷን ሊጠይቁ መጡና «ለክርስትናው ማሰናጃ» ብለው ፖስታ ሰጥተዋት ሄዱ። ሠላሳ ሺህ ብር ነው። ማታ ደወሉልኝ። «ልጄ፣ ያ አፈር እኮ ጥቁር መረሬ ነው። ሰዎቹም ወለሉን ውሃ እያፈሰሱ ነው የሚያጥቡት። እንደዚያ ብለህ ጻፈው። ገንዘቡ ካልተለቀቀ አሥራ አንድ ልጆች ደመወዛቸው ይቀራል» አሉኝ። እሺም እምቢም ሳልል ስልኩን ዘጋሁ።

ባለቤቴ «ውለታ ቢስ አትሁን፤ መሬቱም እኮ በእርግጥ መረሬ ነው» ትለኛለች። ጋሼን እንደማውቃቸው ለኮሚቴው አልተናገርኩም። ሪፖርቱን የማስረክበው ከአሥር ቀን በኋላ ነው፤ ክርስትናው ደግሞ ከዚያ ቀጥሎ ነው። ሥራውን ልተወው? ገንዘቡን ብመልስ ይቀየሙኛል። ክርስትና አባትነቱስ ምን ይሁን?

ግራ የገባኝ፣ ከቱሉ ዲምቱ

መልስ

ወንድሜ፣ ባለቤትህን እንኳን ማርያም ማረቻት። ልጃችሁን እግዚአብሔር ያሳድግላችሁ።

ደብዳቤህን ደጋግሜ ሳነበው «እሺም እምቢም ሳልል ስልኩን ዘጋሁ» ያልከው ላይ እቆማለሁ። ያበላን፣ ያስተማረን ሰው እምቢ ማለት በስልክም ቢሆን ለማንም ይከብዳል። ይሉኝታህን ጣለው አልልህም፤ ለጋሼ ያለህ አክብሮት የሚያስመሰግንህ ነው። ግን እሳቸው ያን ዝምታ ምን ብለው ተረድተውት ይሆን? «ልጄ ገብቶታል» ብለው እፎይ ያሉ ይመስለኛል። ምናልባትም ዛሬ ሠራተኞቻቸውን «አይዟችሁ፣ ይለቀቃል» እያሉ ያጽናኑ ይሆናል። አንተ ስታመነታ በሰነበትክ ቁጥር እሳቸው አንተ ባልሰጠኸው ቃል ላይ ተስፋ እያሳደሩ ነው። ስለዚህ ከሁሉ በፊት ጋሼን በአካል አግኛቸው፤ ከዚህ ሳምንት አይለፍ።

ስትሄድ ፖስታውን ይዘህ ሂድ። ለአራስ ስጦታ ይዞ መምጣት፣ ለክርስትና መርዳት የኖርንበት ወግ ነው፤ ይህን ማንም አይነቅፍም። አንተ ግን ራስህን ጠይቅ፦ ይህ ምርመራ ባይኖር ኖሮ ያ ገንዘብ፣ በዚያ መጠን፣ በዚያ ቅዳሜ ይመጣ ነበር? መልሱ «አዎ» ቢሆን እንኳ ማታ የተደወለው ስልክ ስጦታውን ከሪፖርቱ ጋር አስሮታል። ያን ቋጠሮ የምትፈታው አንተ ነህ። በባለቤትህ እጅ አትላከው፣ ለቤተሰባቸውም ሰጥተህ አትመለስ። ሰው በሌለበት፣ ቁጭ ብላችሁ፣ በገዛ አንደበትህ እንዲህ ልትላቸው ትችላለህ፦ «ጋሼ፣ ሰው ያደረጉኝ እርስዎ ነዎት፤ ይህን መቼም አልረሳም። ይህን ገንዘብ ግን አሁን መቀበል አልችልም። ወለሉን እንድመረምር ተቀጥሬያለሁ፤ የምጽፈው ያየሁትን ነው። ለእርስዎ ብዬ ከጉድለቱ አልቀንስም፤ ሌላውን ለማስደሰት ብዬም በእርስዎ ላይ አልጨምርም።» የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር እንዳትተዋት። ጋሼ የሚፈሩት አንተ ኮሚቴውን ለማስደሰት እሳቸውን አሳልፈህ እንዳትሰጥ ሊሆን ይችላልና ይህን ከአንተ አፍ መስማት ይገባቸዋል።

ተቆጥተው አልቀበልም ካሉ አትጨቃጨቅ። በማግሥቱ በባንክ ሂሳባቸው አስገባው፤ ምክንያቱን «የተመለሰ ስጦታ» ብለህ አስጽፍና ደረሰኙን አስቀምጥ።

ቀጥሎ ኮሚቴው አለ። እኔን ከገንዘቡ ይልቅ ያሳሰበኝ ይህ ነው። ስትቀጠር አለማወቅህ ጥፋት አይደለም። ሁለተኛው ሕንፃ ላይ ስትደርስ ግን አወቅህ፤ ከዚያ ወዲህ ኮሚቴው አንተን የሚያምነው ማወቅ የሚገባውን ሳያውቅ ነው። በሌሎች አገሮች የወለል መርማሪዎች የሚተዳደሩባቸው የሥነ ምግባር ደንቦች ከሚያነሷቸው ዋና ጉዳዮች አንዱ ይኸው ነው፦ ከአንዱ ወገን ጋር ዝምድና፣ የጥቅም ግንኙነት ወይም ውለታ ካለህ ለቀጠረህ ሰው አስቀድመህ አሳውቅ፤ መቀጠልህን እሱ ይወስን። ባለ ውለታነት ብቻውን ምርመራህን አያበላሽም። ተደብቆ ቆይቶ በሌላ ሰው በኩል ሲወጣ ግን የጻፍከውን እውነት ሁሉ ያስጠረጥራል። በአንድ ሰፈር፣ በአንድ ሙያ ውስጥ እየኖራችሁ አይወጣም ብለህ ታስባለህ?

ስለዚህ ጋሼን ባነጋገርክ ማግሥት ለኮሚቴው ሊቀመንበር አንድ ገጽ የማይሞላ ደብዳቤ ጻፍ። ንጣፉን የሠሩት ሙያ ያስተማሩህ ሰው መሆናቸውን፣ ይህን መቼ እንዳወቅህ፣ የልጅህ ክርስትና አባት እንዲሆኑ መታሰቡን፣ ስጦታ ቀርቦልህ መመለስህን ግለጽ። ስለ ፖስታው ማንሳት ጋሼን ማጋለጥ ሊመስልህ ይችላል። እኔም ይህን ነገር አመዛዝኜዋለሁ። የሚከፍሉህ፣ በሪፖርትህም የሚወስኑት እነሱ ስለሆኑ ማወቅ ይገባቸዋል ብዬ አምናለሁ። የስልኩን ንግግር ቃል በቃል መተረክ ግን አያስፈልግህም፤ «የሪፖርቱን ይዘት የሚመለከት ጥያቄ ቀርቦልኝ አልተቀበልኩም» ማለት ይበቃል። ይህን እንደምትጽፍም ለጋሼ አስቀድመህ ንገራቸው፤ ከሌላ ሰው አይስሙት።

ሥራውን ልተወው ወይ ላልከኝ፣ እኔ ብሆን እስካሁን የለካሁትንና ፎቶ ያነሳሁትን እንዳለ አስረክቤ፣ መንስኤው ምንድን ነው የሚለውን ክፍል ሌላ ባለሙያ እንዲሠራው ለኮሚቴው ሐሳብ አቀርብ ነበር። አትችልም ማለቴ አይደለም። አሥራ አንድ ልጆች፣ ጋሼና አራስ ሚስት በአእምሮህ እየተመላለሱ አንድን ሴራሚክ ገልብጠህ ማየት ይከብድሃል ብዬ ነው። ኮሚቴው ሁሉን ሰምቶ «አንተው ጨርሰው» ካለህ ግን ፈቃዱን በጽሑፍ ተቀበልና ቀጥል። ያን ጊዜ ሴራሚክ ሲነሳ የኮሚቴው ተወካይና የተቋራጩ ሰው አብረው ይቁሙ። ጋሼም በተቋራጩ በኩል ተጠርተው ቢገኙ መልካም ነው፤ ያየኸውን እሳቸውም በዓይናቸው ያዩታል።

አሁን ወደ ወለሉ ልምጣ። በዚህ ክፍል ላይ በማጠናቀቂያ ሥራ ቁጥጥር ረጅም ዘመን የሠራ ወዳጄን አማክሬያለሁ። ደብዳቤህ ውስጥ የጋሼን ቃል ገና ከመነሻው እንደ ሐሰት የቆጠርከው መሰለኝ። የቀረበበት መንገድ ትክክል አልነበረም፤ የተናገሩት ነገር ግን ሊፈተሽ የሚችል ነገር ነው።

አፈሩን እንይ። ጥቁር መረሬ በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ይኮማተርና ይሰነጠቃል፤ ከአቃቂ እስከ ቱሉ ዲምቱ ቤት የሠራ ሁሉ ያውቀዋል። ነገር ግን መሬቱ ሲንቀሳቀስ ሴራሚኩን ብቻ መርጦ አይነካም። በመስኮትና በበር ማዕዘኖች ላይ ሰያፍ ስንጥቅ ይወጣል፣ በሮች አልገጥም ይላሉ። ደብዳቤህ ሴራሚኩ የተነሳው የትኛው ፎቅ ላይ እንደሆነ አይናገርም። ሦስተኛና አራተኛ ፎቅ ላይም ተነስቶ ግድግዳው ደህና ከሆነ አፈሩን ጥፋተኛ ማድረግ ይከብዳል። ምድር ቤት ብቻ ከሆነና ግድግዳውም ከተሰነጠቀ የጋሼ ቃል በቁም ነገር ሊመዘን ይገባዋል።

ውሃ ማፍሰሱንም ለማጣራት ሩቅ መሄድ አያስፈልግህም። አንዳንዶቹ ቤቶች እንደተቆለፉ ናቸው ብለሃል። አስከፍተህ ግባ። ማንም ያልኖረበት፣ ማንም ያላጠበው ቤት ውስጥ ፓርኬቱ እንደሌሎቹ ጠርዙ ከተነሳ ጥፋቱን በነዋሪዎቹ ላይ መጣል አይቻልም። የተቆለፉት ቤቶች ደህና ሆነው የተነሳው ሰው የሚኖርባቸው ብቻ ከሆነስ? ያን ጊዜ አንተም ኮሚቴው ሊሰማው የማይወደውን ነገር ለመጻፍ ዝግጁ መሆን አለብህ።

ሴራሚኩን በተመለከተ ማንኳኳት ጥሩ መነሻ ነው፤ ባዶ ድምፅ ግን ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ፈቃድ ይዘህ ከተነሱትም ካልተነሱትም ጥቂቶቹን አውጣና ጀርባቸውን እይ። ማጣበቂያው ወለሉ ላይ ቀርቶ የሴራሚኩ ጀርባ ንጹሕ ሆኖ ከወጣ ወይ ጀርባው አቧራ ነበረበት፣ ወይ ማጣበቂያው ከተቀባ በኋላ ብዙ ቆይቶ ፊቱ ደርቋል። ማጣበቂያው ከሴራሚኩ ጋር ተላቅቆ ከመጣ ጥያቄው ወደ ሊሾው፣ ማለትም ከሥሩ ወዳለው የሲሚንቶ ልባስ ይዞራል፤ አቧራው አልተጠረገም ነበር ወይስ ሊሾው ራሱ ደካማ ነው? ሊሾውን የሠራው ደግሞ ጋሼ ላይሆኑ ይችላሉ። ማጣበቂያው ማዕዘኖቹና መሃሉ ላይ ብቻ ጉብ ጉብ ብሎ ከተገኘ ጉድለቱ የአነጣጠፍ ነው፤ የአሜሪካው የሴራሚክ ሥራ ደረጃ በደረቅ ክፍል ቢያንስ 80 በመቶ፣ በእርጥብ ክፍል 95 በመቶ የሴራሚኩ ጀርባ በማጣበቂያ እንዲሸፈን ይጠይቃል። የዚያች እናት ቤት ሌሊት የሆነው ግን ሌላም ነገር ያስጠረጥራል። ሴራሚክ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ክፍተት ሳይተውለት ከተነጠፈ፣ ሙቀትና እርጥበት ሲያሰፋው መሄጃ ያጣና በድንገት ጮኾ ይነሳል። ሳሎኑ ውስጥ አንድ ቦታ ላይ ዞኮሎውን፣ ማለትም ግድግዳው ሥር ዙሪያውን የተለጠፈውን ጠርዝ አንስተህ ከሥሩ ክፍተት መኖር አለመኖሩን ሳታይ መንስኤውን አትጻፍ።

የፓርኬቱ ነገር ለብቻው ነው። ጠርዙ ተነስቶ መሃሉ ከጎደጎደ ብዙ ጊዜ የታችኛው ፊቱ ከላይኛው ይበልጥ እርጥበት ይዟል ማለት ነው። ባለሙያዎች ኮንክሪት በጥሩ አየር ለእያንዳንዱ 2.5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት አንድ ወር ያህል ለመድረቅ ይፈልጋል ይላሉ፤ 10 ሴንቲ ሜትር ከሆነ አራት ወር ገደማ፣ በሐምሌና በነሐሴ ዝናብ መስኮት ሳይገጠም ከሆነ ደግሞ ከዚያም በላይ። ፓርኬቱ የተነጠፈው መቼ ነው? ሊሾው ከፈሰሰ ስንት ሳምንት ቆይቶ ነው? የሳይቱን የቀን መዝገብ በኮሚቴው በኩል ጠይቅ። እርጥበቱንም ለካ። ከአንድ ወገን ብቻ ለሚደርቅ ወለል የታወቀው መንገድ ኮንክሪቱን እስከ ውፍረቱ 40 በመቶ በስቶ መለኪያውን ውስጡ አስገብቶ ቢያንስ 24 ሰዓት ማቆየት ነው። መሣሪያው ከሌለህ ፓርኬቱን አውጥተህ ከሥሩ ያለው ኮንክሪት ላይ 45 በ45 ሴንቲ ሜትር ፕላስቲክ ዙሪያውን አጣብቀህ ለ16 ሰዓት ተወው። ከሥሩ ጤዛ ከያዘ ወይም ኮንክሪቱ ከጠቆረ እርጥበት አለ። ይህ ፍንጭ እንጂ ልኬት አይደለም፤ ሪፖርትህም ውስጥ ይህንኑ ግለጽ።

ሙያህን ላስተምርህ ብዬ አይደለም ይህን ሁሉ የዘረዘርኩት። ከጭንቀትህ የተነሳ ነገሩ ጋሼን ማዳን ወይም ጋሼን ማጥፋት ሆኖ ታይቶሃል። ወለሉ ግን ገና ተመርምሮ አላለቀም። ተቋራጩ ያልደረቀ ሊሾ ላይ አንጥፉ ብሎ አስገድዷቸው ከሆነ፣ እውነተኛው ሪፖርት ጋሼ ከጠየቁህ ውሸት ይልቅ ለእሳቸው ይጠቅማል። ጥፋቱ የእሳቸው ሆኖ ቢገኝም ያንኑ መጻፍ ነው።

ስትጽፍ ያየኸውን፣ የለካኸውንና የገመትከውን ለየብቻ አስቀምጥ። የትኛው ቤት፣ የትኛው ክፍል፣ በየትኛው መሣሪያ፣ በየትኛው ቀን እንደሆነ ይታወቅ። «የሠራተኛው ቸልተኝነት»፣ «የነዋሪው ጥፋት» የሚሉ ቃላትን ተዋቸው፤ ማን ይክፈል የሚለው የአንተ ውሳኔ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ተቋራጭ ለሠራው ሕንፃ ከርክክብ ጀምሮ ለአሥር ዓመት ዋስትና እንዳለበት ስለሚደነግግ ነገሩ ፍርድ ቤት ሊደርስ ይችላል። ያኔ ዳኛ ፊት ቆመህ ልታስረዳው የማትችለውን ዓረፍተ ነገር ዛሬውኑ አውጣው። ረቂቁን ለጋሼ አታሳይ፤ ሪፖርቱ የቀጠረህ የኮሚቴው ነው። ጥገናውንም አንተ አትሥራው፣ ሌላ ሰውም አታዋውል፤ በመረመርከው ጉድለት መልሰህ ገንዘብ ካገኘህ ምርመራህን ማንም አያምንም።

የአሥራ አንዱ ልጆች ነገር እኔንም ያሳስበኛል። የቀን ሠራተኛ የወር ቤት ኪራይ እንዴት እንደሚያስጨንቀው አንተው ከእነሱ ጋር ሠርተህ ታውቀዋለህ። ሆኖም ደመወዛቸውን በሪፖርትህ ልትከፍል አትችልም። ጋሼ ግን ሊያደርጉት የሚችሉት ነገር አለ። ተቋራጩ የጻፈላቸው ትእዛዝ፣ እሳቸውም «ገና አልደረቀም» ብለው ያስታወቁበት ወረቀት ካለ ራሳቸው ለኮሚቴው ያቅርቡ። የተበላሸውን ክፍል ጠግነው ያልተበላሸው ድርሻ እንዲለቀቅ በተቋራጩ በኩል መጠየቅም ይችላሉ። ይህን ገንዘቡን በምትመልስበት ቀን ንገራቸው፤ አንተ ግን መሃል ገብተህ አታደራድር።

ባለቤትህን አትቆጣት። ፖስታውን የተቀበለችው በቅን ልብ ነው። አራስ ናት፤ የፈራችው የጋሼን ፊት ማጣት ይመስለኛል። ፖስታውን ከመመለስህ በፊት አብራችሁ ተቀመጡና እንዲህ ብለህ ጠይቃት፦ «ያ ቤት የእኛ ቢሆን፣ ልጃችን በሌሊት በዚያ ድንጋጤ ቢነሳ፣ የመረመረው ሰው ምን ብሎ እንዲጽፍልን እንፈልግ ነበር?» የምትልህን ሳታቋርጥ ስማት።

ክርስትና አባትነቱን ከጋሼ አትውሰድ። ያጠፉት ነገር ቢኖር በጭንቀት ያደረጉት እንጂ ያን ሁሉ ዓመት የሠሩልህን አይሽረውም። ገንዘቡን ስትመልስ «ክርስትናው በአርባኛው ቀን ነው፤ እርስዎን እንጠብቃለን» በላቸውና በዚያው ተወው፤ ዳግመኛ አትወትውታቸው። ሪፖርቱ ከክርስትናው በፊት ስለሚገባ እሳቸውም ውስጡ ያለውን አውቀው ይወስናሉ። ተቀይመው ሊቀሩ ስለሚችሉ ግን ከወንድሞችህ ወይም ከጓደኞችህ አንዱን አስቀድመህ አዘጋጅ፤ ለንስሐ አባትህም ነገሩን ንገራቸው። ጋሼ ቢቀሩም ለበዓል ወትሮ እንደምታደርገው ቤታቸው ሂድ፤ ልጁንም ይዛችሁ ሂዱ።